ከቀኝ የጠፋው አውሮፕላን

መምህር እሱባለው ወልደ ገብርኤል ንፋስ መውጫ ላይ ፊዚክስ ሲያስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጠመኔ የነካ ጣቱን ኮቱ ላይ የሚጠርግ ሰው ነው። ከተማው ያወቀው ግን በማስተማሩ አይደለም። ባጃጅ ነጂው፣ ባለሱቁ፣ ገበያ የመጣው ገበሬ ሳይቀር "ያ ፎም የሚያበርረው መምህር" ሲባል ነበር የሚያውቀው።

ነገሩ የጀመረው በ2004 ክረምት ባሕር ዳር ነው። እሱባለው ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በየክረምቱ እዚያ ይማር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በግቢው የኳስ ሜዳ ሲያቋርጥ አናቱ ላይ አንድ ነገር እየዘመረ አለፈ። ወፍ መስሎት ቀና አለ። ወፍ አልነበረም። በቢላ ተቆርጦ በፕላስተር የተጣበቀ ነጭ ፎም ነው፤ አፍንጫው ላይ ትንሽ ሞተር ተሰክቶበታል፤ ከሜዳው ዳር የቆመ ኢዮብ የሚባል የምህንድስና ተማሪ በሪሞት ያዞረዋል። እሱባለው ያን ቀን እራት ሳይበላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየሄደ ቆሞ አየ።

ኢዮብ ተመርቆ ግቢውን ሲለቅ ሽፋኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ሪሞቱን፣ ሁለት ሞተርና አንድ ባትሪ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠው።

"ቲቸር፣ ሃያ ያህል ይሰብራሉ" አለው። "ሲሰብሩ ግን አይዘኑ። ፎም ነው።"

እሱባለው ይህን ፌስታል ይዞ ንፋስ መውጫ ሲመለስ የተሰማውን ደስታ ለማንም አልነገረም። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስት አለው፤ የተከበረ ሰው ነው። ደግሞም የመሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል በዚያው በጋይንት፣ ቤተ ልሔም በምትባለው ደብር አካባቢ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሊቅ ናቸው። መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ያስተምራሉ። አንድያ ወንድ ልጃቸው ድጓ እንዲማርላቸው ለምነውት፣ ተቆጥተውት፣ አልቅሰውም ነበር። እሱ ግን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ደብተሩን ይዞ አስኳላ ገባ። ሁለት ዓመት አላነጋገሩትም። በኋላ ታረቁ፤ ነገሩ ግን በመካከላቸው ሳይነሳ ተቀምጦ ቀረ።

ፎሙን የሚያገኘው ደሴ ከሚባል ጎረቤቱ ነበር። ደሴ በከተማው ዲሽ የሚተክልና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ከእሱባለው ጋር በጉርብትና የተዋደደ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ቴሌቪዥን የሚታሸግበት ነጭ ፎም ከሱቁ ጀርባ ተከምሮለታል። ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀመጡ ፎሙን በምላጭ ይቆርጣሉ፤ ክንፉ እንዳይታጠፍ ስንጥቅ ሸንበቆ ያስገቡበታል፤ በፕላስተር ይጠቀልላሉ። የእሱባለው ሚስት ዕፀገነት በቤቷ ልብስ ትሰፋ ነበርና የፎም ፍርፋሪው በየጨርቁ ላይ እየተለጠፈ አስመርሯታል።

"የሰው ቀሚስ ላይ በረዶ ያዘነብክብኝ አንተ ነህ" ትለው ነበር።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ከእጁ ወጥቶ አሥር እርምጃ ሳይሄድ በአፍንጫው መሬት ወጋ። ሁለተኛው ወደ ላይ ተነሣ፣ ቆመ፣ እንደ ተመታ ወፍ ወደቀ። እሱባለው እያንዳንዱን ስብራት ቁጭ ብሎ አጠናው። ክንፉን በሁለት ጣት ጫፍ ከሥር ደግፎ ሲያነሣው አፍንጫው በትንሹ ወደ ታች ካላዘነበለ እንደማይበር ያወቀው ከሦስተኛው በኋላ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ዳር በጣም ከፍ ትላለች፤ አየሩ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ባሕር ዳር የበረረው ልክ እዚህ አያነሣም። ክንፉን በግራም በቀኝም አንዳንድ ስንዝር ጨመረበት።

ከሁሉ የከበደው መመለሱ ነበር። አውሮፕላኑ ከአንተ ሲርቅ ቀኝህ ቀኙ ነው። ፊቱን አዙሮ ወደ አንተ ሲመጣ ግን ቀኝህ ግራው ይሆናል። እጅ ይህን ቶሎ አይቀበልም፤ ልታድነው ስትል ትገድለዋለህ። አራት አውሮፕላን በዚህ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣለት፦ ሲመለስ ግራ ቀኝ ብሎ ማሰብ ትቶ የትኛው ክንፍ እንደወደቀ ብቻ ማየት፤ ከዚያ የሪሞቱን ዘንግ በወደቀው ክንፍ በኩል መግፋት፤ ልክ ሊወድቅ ያለን ሰው ከሥር እንደ መደገፍ።

በኅዳር 2005፣ ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ባዶ በሆነበት አንድ ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ዘጠነኛው አውሮፕላን አራት ደቂቃ በረረ። ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ደሴ ከኋላ ሆኖ እንደ ሠርግ ቤት ይጮኻል። አውሮፕላኑ ገለባው ላይ በሆዱ ተንሸራቶ ሲያርፍ እሱባለው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ያ ዓመት ጥሩ ነበር። ከእሑድ በቀር ነፋስ የሌለበት ማለዳ ሲገኝ ሜዳ ይወጣል። ደስታው ግን ከዚያ ዓመት አላለፈም።

በ2006 መስከረም አውሮፕላኑ ይጠፋበት ጀመር። ሰማይ ላይ እያየው ድንገት አይኖርም። ራሱን ሲያዞር ያገኘዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሲያገኘው መሬት ሊነካ ሁለት ክንድ ቀርቶታል። ነጭ ፎም በነጭ ሰማይ ስለሆነ ነው ብሎ ክንፉን ቀይ ቀባው። ጠፋ። ሆዱ ላይ ጥቁር መስመር ጨመረ። ጠፋ። ሪሞቱ አርጅቶ ነው ብሎ ፈታው፤ አጸዳው፤ ገመዱን ቀየረ። አንዱ አውሮፕላን በቀኝ በኩል ወደ ገደሉ ሄዶ ቀረ፤ ደሴ ወርዶ ሲያመጣው አንዲት ክንፍ ብቻ ይዞ ወጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?" አለው ደሴ። "አምና እንደ ጭልፊት ነበርክ።"

"ነፋሱ ነው" አለ እሱባለው።

በጥር አንድ ማለዳ የሆነው ግን በነፋስ የሚሳበብ አልነበረም። አውሮፕላኑ በቀኝ በኩል ዞሮ ዝቅ ብሎ ወደ እነሱ ይመጣል። ደሴ ከእሱባለው ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ፊት ቆሟል።

"መጣ! በቀኝህ መጣ!" አለ ደሴ። "አንሣው! እሱባለው፣ በቀኝህ!"

እሱባለው ሰማይ ሰማዩን ይፈልጋል። የሞተሩ ድምፅ ሲቀርብ ይሰማዋል፤ የሚያየው ግን ሰማይ ብቻ ነው። ደሴ እጁን ፊቱ ላይ ሲያደርግ ዘገየ። በሞተሩ ላይ የሚሽከረከረው የላስቲክ ፕሮፔለር ከዓይኑ ሥር ጉንጩን ሰነጠቀው።

ደሙ በጣቶቹ መካከል ወረደ። እሱባለው ሪሞቱን ጥሎ ሮጠ፤ ሸሚዙን አውልቆ ጉንጩ ላይ ያዘለት።

"እየጮህኩልህ!" አለ ደሴ በንዴት። "ከክንድህ አጠገብ ነው እኮ ያለፈው!"

"አላየሁትም።"

"እንዴት ነው የማታየው?"

"ደሴ ሙት፣ አላየሁትም።"

 ደሴ ደሙ በረድ ሲልለት የተሰበረውን ቀይ ክንፍ ከመሬት አነሣ። "ግራ ዓይንህን ሸፍን" አለው። "አፍንጫዬን ብቻ እይ። ይቺን ስታያት ‘አሁን’ በለኝ።" ክንፉን ከእሱባለው ቀኝ ጆሮ አጠገብ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ፊት አመጣ። እሱባለው ዝም። ክንፉ ትከሻውን አለፈ፤ ጉንጩን አለፈ። አሁንም ዝም። የደሴን አፍንጫ ሊነካ ሲል ነው "አሁን" ያለው።

ደሴ ክንፉን አወረደ። 

እሱባለው ቤቱ ገብቶ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በእርሳስ ለካ። አንዱን ዓይን ሸፍኖ በክንድ ርቀት ቆመ፤ መካከል ላይ ነጥብ አድርጎ የሚታየው እስከ የት እንደሆነ ዙሪያውን ምልክት አደረገ፤ ምልክቶቹን አገናኘ። የግራው ዓይን ትልቅ ሰሃን የሚያክል ክብ ወጣው። የቀኙ የብርጭቆ አፍ አላከለም። ዕፀገነት ልትጠራው ገብታ ግድግዳው ላይ የተሣሉትን ሁለት ክቦች አየች።

"ይኼ ደግሞ የምን ሥዕል ነው?"

"የቀረኝ ነው" አላት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅዶ ወደ አባቱ ሄደ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በእግሩ። መሪጌታ ከደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለተማሪዎች ቃል ይሰጣሉ። በሥራ ቀን የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ደነገጡና ተማሪዎቹን አሰናበቷቸው።

"ሰው ሞቷል?" አሉ።

"የለም አባዬ። ደኅና ነን።" አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ዓይንዎ ሲጀምርዎ እንዴት ነበር?"

የመሪጌታ እጅ መቋሚያው ላይ ቀጥ አለ። 

"ከዳር ነው የጀመረኝ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከመስመሩ መጨረሻ ያለችው ቃል ትሰወረኛለች፤ አንገቴን ሳዞር አገኛታለሁ። ብራናው ያረጀ መሰለኝ። ቀጥሎ ሰው ከጎኔ ድንገት ብቅ ይልብኝ ጀመር። በር ይመታኛል። ለመምህሬ አልተናገርኩም፤ ከጉባኤው ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። ዓይኔ ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት።" መቋሚያውን መሬት ላይ መታ አድርገው "ቀደምኩት" አሉ።

"እኔንም ከዳር ነው አባዬ።"

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ፊት ፈለጉ፤ አገኙት። በአውራ ጣታቸው ሽፋሽፍቱን ዳሰሱ።

"የትኛው?"

"ቀኙ አልቋል። ግራውም እየሄደ ነው።"

"አያትህም እንዲህ ሆነው ነው የጠፋባቸው" አሉ።  "ሰው መተት ነው ይል ነበር። በእኔ ሲደገም ግን የደም ነገር መሆኑን አወቅኩ። ድጓ ተማር ብዬ የለመንኩህ ለምን ይመስልሃል? በሊቅነት እንድትኮራልኝ? ዓይን የማይጠይቅ እንጀራ ላወርስህ ነበር።"

 እሱባለው ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ አባቱን ግትር ናቸው እያለ የኖረ ሰው ነው።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምን ብዬ? ዕውር ትሆናለህና ቶሎ አጥና ልበልህ?"

"በኋላስ? ካደግሁ፣ ካገባሁ በኋላስ?"

"በኋላ ተስፋ አደረግሁ" አሉ። "አንዱን ልጅ ይዘለው ይሆናል ብዬ። በየበዓሉ ስትመጣ በበሩ ስትገባ አደምጥ ነበር። መቃኑ ካልመታህ ተመስገን እል ነበር።"

እሱባለው ተቆጥቶ ሊነሣ ፈልጎ ነበር። ቁጣው ግን የሚያርፍበት አላገኘም። አባቱ ሲያለቅሱ ዓይናቸው እንባ አላወጣም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አብሯቸው እስኪመሽ ተቀመጠ።

ከዚያ ለሕክምና ጎንደር ሄደ፤ ያየችው ሐኪም ወጣት ነች። ብርሃን አስገባች፤ ለካች፤ ደጋግማ ለካች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ሳትቸኩል ነገረችው። ግላኮማ ነው። የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ቀስ እያለ ይገድለዋል፤ አያምም፤ አይቀላም። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታ አለ፤ ጠብታው ግን አንድም ቀን መቋረጥ የለበትም፣ እስከ ዕድሜ ልክ።

"ብዙ ሰው የሚመጣው ሁለቱም ሊያልቁ ሲሉ ነው" አለችው። "እርስዎ እንዴት አወቁ?"

"አውሮፕላን ሳበርር።"

ሐኪሟ የሚቀልድ መስሏት ቀና አለች። አለመቀለዱን ስታይ ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ ሌላ ጠየቀችው፦ "ወንድም፣ እህት አለዎት?"

አንዲት እህት አለችው። አመለወርቅ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ከባሏ ጋር በግብርና ትኖራለች። እሱባለው ከጎንደር እንደተመለሰ ወደ እሷ ሄደ። ምንም አይለኝም ብላ ሳቀችበት። ቢያመኝም ጠበል አለልኝ አለች። እሱ ደሴ የፈተነበትን ቀይ ክንፍ ከቦርሳው አውጥቶ በግቢዋ መካከል አቆማት፤ ባሏና ጎረቤቶቿ እያዩ።

"ግራ ዓይንሽን ሸፍኚ። አፍንጫዬን እዪ።"

በቀኟ ቶሎ አየች። በግራዋ ዘገየች። እንደ እሱ አይደለም፤ ግን ዘገየች። ደግመው ሞከሩት። በሦስተኛው ጊዜ መሳቋን አቆመች።

"አባዬን ነው የምሆነው?" አለችው።

"በጊዜ ከያዝነው አትሆኚም" አላት። ይህን ሲላት ርግጠኛ አልነበረም።

ባሏ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ አዝመራ ላይ ነን አለ። እሱባለው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በመጨረሻ ይዟት ጎንደር ሄደ። ጅምር ነው ተባለች። ጠብታውን ያዘች። ጠበሏንም አልተወችም፤ ማንም ተዪ አላላትም። ከዚያ ወዲህ የሁለቱንም ጠብታ የሚያመጣ ሰው መፈለግ የቤተሰቡ ትልቅ ሥራ ሆነ። አንድ ክረምት መንገዱ በናዳ ተቆርጦ ሦስት ሳምንት ያለ ጠብታ ቆዩ። የእሷ ዓይን ያንን ቻለው። የእሱ ቀኝ ዓይን በዚያው ክረምት ጨርሶ ጨለመ።

አውሮፕላን የማብረሩ ነገር ቀላል በሆነ መንገድ አለቀ። እሱባለው ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ በቀረችው ክብ ውስጥ ብቻ ሊያቆየው። ሰማይ ግን በክብ ውስጥ አይቆይም። ሪሞቱን ለደሴ ሰጠው። ደሴ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ይዞ፣ ከአጠገቡ ቆሞ ከሚነግረው መምህር እየተማረ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጥሩ አድርጎ አበረረ። "አሁን ወዴት ነው?" ይለዋል እሱባለው። "ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በላይ" ይለዋል ደሴ። ከዚያ ባትሪው አበጠ። ሌላ ከአዲስ አበባ አስፈለጉ፤ አልተገኘም። ፎሞቹ በደሴ ሱቅ ጣሪያ ላይ ተሰቅለው ቀለማቸው ለቀቀ።

እሱባለው ዓይኑን ከትምህርት ቤት ደብቆ አንድ ዓመት ተኩል አስተማረ። የአባቱ ፍርሃት እሱንም ያዘው። ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ራሱ ይስታል፤ ፈተና ሲያርም ከወረቀቱ ቀኝ ያሉትን መልሶች ይዘላል። ተማሪ ማማረር ሲጀምር ዕፀገነት አንድ ማታ የአንዱን ልጅ ወረቀት አንሥታ አየች። ሙሉ አንድ ዓምድ አልታረመም።

"የሰው ልጅ ውጤት ነው እኮ ይሄ" አለችው። ሌላ አልተናገረችም።

በ2008 ጥቅምት መጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቹ ነገራቸው። ሰሌዳው ላይ ዓይን ሣለ፤ ግፊቱን፣ ነርቩን፣ ክቡን አሳያቸው። እንደ ማንኛውም ትምህርት ነው ያስረዳው። "ስለዚህ" አለ፣ "ከቀኜ በኩል ያላችሁትን አላያችሁም። ጥያቄ ያለው በድምፅ ይጥራኝ።"

 ከዚያ በቀኝ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ሙሉ ራሱን አዙሮ ሲፈልግ አንዲት ልጅ ቆማ አገኘ። ጌጤ ናት፤ ከሲማዳ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ዝምተኛ ልጅ። አምናም አስተምሯታል።

"ቲቸር" አለች፣ "እኛ በዚህ በኩል የምንቀመጠው የጠሉን መስሎን ነበር።"

ከአጠገቧ ያሉ ሁለት ሦስት ልጆች አንገታቸውን ደፉ።

"እኔ አምና ሙሉ እጄን አወጣ ነበር" አለች። "ሲተዉኝ ሲተዉኝ ማውጣት አቆምኩ። ከገጠር ስለመጣሁ ነው ብዬ።"

እሱባለው ጠመኔውን አስቀመጠ። ወደ እሷ ሄደ፤ በመንገዱ የአንዱ ዴስክ ጥግ ጭኑን መታው፤ አልቆመም። ከፊቷ ደርሶ በሚያየው ግራ ዓይኑ ፊት ለፊት አደረጋት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። "አሁን ጠይቂኝ። የአምናውን ጥያቄ።"

ጌጤ ከንፈሯን ነክሳ አሰበች። ክፍሉ ሁሉ ይጠብቃታል።

"ረስቼዋለሁ ቲቸር" አለችና ተቀመጠች።